ከባዱን መቼ ትጫወታለች?

ባለፈው ዓመት ትምህርት ሊዘጋ ሲል፣ ሐዋሳ ውስጥ ቫዮሊን የማስተምራቸው ልጆች ወላጆቻቸውንና ጎረቤቶቻቸውን ጠርተው በተዋስነው አዳራሽ ውስጥ አጭር የሙዚቃ ምሽት አቅርበው ነበር። አንድ ታዳጊ ቪቫልዲ በኤ ማይነር ከጻፈው ኮንሰርቶ የመጀመሪያውን ክፍል ተጫውቶ አዳራሹን በጭብጨባ አናጋው። ከተማሪዎቼ ሁሉ በትምህርትም በዕድሜም የምትቀድመው ልጅ ደግሞ የመጨረሻውን ተራ ወስዳ፣ የኢስቶኒያዊውን የሙዚቃ ደራሲ የአርቮ ፔርትን «መስታወት በመስታወት ውስጥ» የተሰኘ ሥራ እኔ በኪቦርድ እያጀብኳት ተጫወተች። ጭብጨባው ዘግይቶ መጣ፤ ሲመጣም ረጋ ያለ ነበር።

ሰዉ መውጣት ሲጀምር፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማከብራቸውና ሙዚቃ አጥብቀው የሚወዱ አንድ አባት እጄን ይዘው፣ «እግዜር ይስጥህ ልጄ፤ ደስ የሚል ነገር ነው የሠራችሁት» አሉኝ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያቺ የመጨረሻዋ ልጅ ግን ገና ጀማሪ ናት አይደል? ከባዱን መቼ ትጫወታለች?» ሲሉ ጠየቁኝ። «ጋሼ፣ እሱ እኮ ነው ከባዱ» ለማለት አፌን ስከፍት ሌላ ሰው ሊሰናበታቸው መጣና ጨዋታችን በዚያው ተቋረጠ። ጥያቄው ግን አብሮኝ ቤት ገባ። እነሆ እስካሁንም አልለቀቀኝም።

ያልለቀቀኝ ጥያቄው ስላስከፋኝ አይደለም። ጋሼ የተናገሩት ብዙዎቻችን የምናስበውን ነው። የሙዚቃ ክብደት በጣት ፍጥነትና በኖታ ብዛት እንደሚለካ፣ ማንም ሰምቶ የሚከተለው ዜማ ደግሞ ለማንም የሚቀል እንደሆነ አድርገን እንወስዳለን። ስለዚህ ለአውታር መሣሪያዎች ግልጽና ለጆሮ ቅርብ ሙዚቃ የሚጽፍ ደራሲ ወይ አቅም ያነሰው፣ ወይ ለአድማጩ ሲል ራሱን ዝቅ ያደረገ ተደርጎ ይታያል። እኔ ደግሞ ከዚህ ሥራ ጋር በቆየሁባቸው ወራት ያየሁት ከዚህ የተለየ ነው፤ ሥራው ከአድማጩ ላይ ያነሳውን ሸክም ሙሉ በሙሉ በተጫዋቹ ትከሻ ላይ ያሳርፈዋል።

ከዝምታው በኋላ

ፔርት በ1935 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኢስቶኒያ ውስጥ ፓይዴ በምትባል ከተማ ተወለደ። ወጣትነቱን ያሳለፈው አገሩ በሶቪየት ኅብረት ሥር በነበረችበት ዘመን ሲሆን፣ ለዓመታትም በኢስቶኒያ ሬዲዮ የድምፅ ባለሙያ ሆኖ ሠርቷል። በመጀመሪያ ሥራዎቹ «ቀላል» የሚባል ሰው አልነበረም። በ1960 የጻፈው «ኔክሮሎግ» 12ቱንም ድምፆች በእኩል የሚያሰልፈውን አስቸጋሪ ስልት የተከተለ ነበር። በ1968 የቀረበው «ክሬዶ» ግን በክርስቶስ ማመንን በግልጽ የሚናገር ሥራ በመሆኑ ባለሥልጣናቱን አስቆጣና ዳግመኛ እንዳይቀርብ ተደረገ። ከዚያ በኋላ ፔርት እስከ 1976 ድረስ እምብዛም አልጻፈም። በነዚያ ዓመታት የምዕራቡን ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ ዜማ የግሪጎርያንን ዝማሬና የመካከለኛውን ዘመን የመዘምራን ሙዚቃ ሲያጠና፣ ነጠላ የዜማ መስመሮችን እየጻፈ ደብተር ሲሞላ ቆየ፤ በዚሁ ጊዜ ውስጥም ወደ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ገባ። ዝም አይነቅዝም የሚለውን የአባቶች ብሂል የእሱን ያህል የኖረበት የዘመናችን የሙዚቃ ደራሲ ያለ አይመስለኝም።

በ1976 ለፒያኖ በጻፈው አጭር ሥራ ዝምታውን ሲሰብር፣ ይዞት የመጣው ስልት በጥቂት ቃላት የሚነገር ነው። ሁለት ድምፆች አሉ። አንደኛው በስኬሉ (በድምፆች መሰላል) ላይ ደረጃ በደረጃ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሁለተኛው ትራያድ ከሚባሉት፣ አብረው ከሚስማሙ ሦስት ድምፆች ውጭ ምንም አይነካም፤ የመጀመሪያው በሄደበት ሁሉ ከሦስቱ አንዱን ይዞ አብሮት ይቆማል። ፔርት ይህን ስልት «ቲንቲናቡሊ» አለው። ባለቤቱ ኖራ ደግሞ አንድ ሲደመር አንድ፣ አንድ ይሆናል በሚል ስሌት ገልጻዋለች ይባላል። ይህን አባባል መጀመሪያ ሳነብ እንደ ቅኔ ወስጄው አለፍኩ፤ እንደ ሥራ መመሪያ መያዝ የጀመርኩት ቆይቶ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚታወቁት የአውታር ሥራዎቹ አብዛኞቹ የተወለዱት ወዲያው ነው። «ፍራትሬስ»፣ ለብሪተን መታሰቢያ የጻፈው «ካንቱስ» እና ለሁለት ቫዮሊን ከአውታር ኦርኬስትራ ጋር የተጻፈው «ታቡላ ራሳ» ሁሉም የ1977 ናቸው፤ «መስታወት በመስታወት ውስጥ» በ1978 ተከተለ። ታሊን ላይ «ታቡላ ራሳ» ለመጀመሪያ ጊዜ ሊቀርብ በልምምድ ላይ ሳለ፣ ተጫዋቾቹ በወረቀቱ ላይ ያለውን ጥቂት ኖታ አይተው «ሙዚቃው የታለ?» ብለው መጮኻቸው ይተረካል። ከኮንሰርቫቶሪ የወጡ የኦርኬስትራ ባለሙያዎች ናቸው እንዲህ ያሉት። የጋሼ ጥያቄ ብቸኛ አለመሆኑን ሳውቅ ልቤ ትንሽ ተረጋጋ።

መብራት የጠፋ ዕለት

አሁን ወደ ተማሪዬ ልመለስ። ይህች ልጅ ጣቶቿ ፈጣን ናቸው። ከባድ የተባለ ልምምድ ብሰጣት በሳምንቱ አጥንታ ትመጣለች። በዚህ ሥራ ግን ለሳምንታት ተቸገረች፤ የተቸገረችው ደግሞ በግራ እጇ ሳይሆን በቀኝ እጇ ነበር።

የሥራው የቫዮሊን መስመር ማንም ጀማሪ አንብቦ የሚረዳው ነው። መጀመሪያ ሁለት ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ ሁለተኛው ድምፅ «ላ» ነው። ቀጥሎ ሌላ ሁለት ድምፅ ከተቃራኒ አቅጣጫ መጥቶ እዚያው «ላ» ላይ ያርፋል። ከዚያ ሐረጉ በአንድ ድምፅ ይረዝማል፤ አንዴ ከታች እየወጣ፣ አንዴ ከላይ እየወረደ፣ ሁልጊዜ ወደዚያው ይመለሳል። ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ድረስ ከዚህ የተለየ ነገር አይመጣም። ፒያኖው ከሥር በእኩል እርምጃ ሦስት ሦስት ድምፅ እያነጠበ ይሄዳል።

ችግሩ ያለው እያንዳንዱ ድምፅ በሚቆይበት ርዝመት ላይ ነው። የቫዮሊን ቀስት 75 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። በእጅ የሚያዝበት ወገን ከባድ ነው፤ ወደ ጫፉ ሲሄድ እየቀለለ ይመጣል። ስለዚህ ድምፁ ከመነሻው እስከ መድረሻው እኩል እንዲሆን ከተፈለገ፣ ቀስቱ ወደ ጫፍ በተጓዘ ቁጥር አመልካች ጣት የጎደለውን ክብደት በጥቂት በጥቂቱ መሙላት፣ ሲመለስ ደግሞ በዚያው ልክ መልቀቅ አለባት። በፈጣን ሙዚቃ ተጫዋቹ ከቀስቱ የሚጠቀመው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ይህ ጉድለት ቢኖርበትም ሳይታወቅ ያልፋል፤ ቀጣዩ ኖታ ደርሶ ይሸፍንለታል። በፔርት ሙዚቃ ውስጥ የሚደርስ ሸፋኝ የለም። የተማሪዬ ቀስት መሃሉ ላይ ሲደርስ ይንቀጠቀጥ ነበር። ትከሻዋን እንድትለቅ፣ እስትንፋሷን እንድታስተካክል፣ ቀስቱን ክሮቹን ከሚሸከመው ብሪጅ በእኩል ርቀት እንድትይዝ ነገርኳት። ሁሉንም አደረገች፤ መንቀጥቀጡ ግን አልጠፋም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እዚህ ግን ያፈሰሱትን ለመልቀም እንኳ ጊዜ አይሰጥም፤ የተበላሸው ድምፅ ተሰምቶ እስኪያልቅ ድረስ እዚያው አብረውት መቆም ግድ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የሐይቁ ነፋስ የማስተምርበትን ክፍል መስኮት እያንገጫገጨ፣ ከሥራው እኩሌታ በላይ ሄደን ሳለ መብራት ጠፋ። ኪቦርዱ ወዲያው ዝም አለ፤ ጣቶቼ ቁልፎቹ ላይ እንዳሉ ቀሩ። ልታቆም ነው ብዬ ቀና ስል ተማሪዬ አላቆመችም። ዓይኗ ከኖታው ላይ አልተነሳም። ክፍሉ ውስጥ የቀረው የአንድ ቫዮሊን ድምፅ ብቻ ነበር፤ ከውጭ ባጃጆች ያልፋሉ። የጀመረችው ድምፅ መጀመሪያ ሳሳ፤ የሚቆረጥ መሰለኝ። በሚቀጥለው ድምፅ ላይ ግን ቀስቱ ከወትሮው ዘገየ፣ ድምፁም ሞላ። ሐረጉን ጨርሳ «ላ» ላይ ስታርፍ፣ ከመጀመሪያ ጫፍ እስከ መጨረሻ ጫፍ ያልተንቀጠቀጠ ድምፅ ከእሷ እጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። ቀጣዩን ሐረግም እንዲሁ፣ ከዚያ የሚቀጥለውንም። ጣልቃ አልገባሁም። እስከ መጨረሻው ብቻዋን ወሰደችው።

ስትጨርስ ቫዮሊኑን ከአገጯ ሥር አወጣችና፣ «ቲቸር፣ ኪቦርዱ ሲጠፋ እኮ ይሰማኝ ነበር» አለችኝ።

«ምንሽ ተሰማሽ?» ስል ጠየቅኳት።

«ያንተ ድምፆች። ቅድም እቆጥራቸው ነበር፤ ሲጠፉ ግን መስማት ነበረብኝ።»

ይህን መልስ ብዙ አወጣሁት አወረድኩት። ኪቦርዱ እየተሰማ እያለ ለእሷ የጊዜ መለኪያ ነበር፤ ስድስት እስኪሞላ ትቆጥራለች፣ ቀስቷም የተሰጣትን ጊዜ ለመሙላት ይታገላል። ድጋፉ ሲወሰድባት ያንን ትራያድ በውስጧ መያዝ ነበረባት፤ የራሷ ድምፅ ከሦስቱ ጋር የት ላይ እንደሚገናኝ አስቀድማ መስማት ነበረባት። ጆሮዋ ወደፊት ሲያይ እጇ መታገሉን ተወ። እኔ በቃላት ሳስተምራት የቆየሁት ስለ ጡንቻ ነበር፤ ነገሩ የተፈታው በጆሮ ነው። ኖራ ፔርት ያለችው ስሌት መሥሪያ ቦታውም እዚህ ይመስለኛል። ሁለቱ ድምፆች የሚዋሐዱት ተጫዋቹ ያልተሰጠውንም መስመር አብሮ ሲሰማ ነው፤ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን በትክክል ስለቆጠሩ ብቻ አይመጣም።

በቅዱስ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ስማር፣ ከዋናው መሣሪያ ጋር አንድ የአገር ባህል መሣሪያ መያዝ ነበረብንና ማሲንቆ ይዤ ነበር። ማሲንቆ አንድ ክር ብቻ ነው ያለው፤ ያም ከፈረስ ጭራ የተሠራ ነው። ጣት ክሩን ከጎኑ ይነካዋል እንጂ እንደ ቫዮሊን እስከ እንጨቱ ድረስ አይጫነውም። ድምፁ ትክክል መሆኑን የሚነግር ሌላ ነገር ስለሌለ ዳኛው ጆሮ ብቻ ነው። መምህሬ ገና ምንም ዜማ ሳያስነካኝ አንድ ድምፅ ይዤ ደጋኑን በቀስታ እንድስብ አድርጎኛል። ያንን ትምህርት ያኔ እንደ መግቢያ ቆጥሬው ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ዋናው እሱ ነው።

ለአድማጩ የተተወው

በዚያው ምሽት ከተማሪዎቼ የአንዱ እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «የመጨረሻዋ ስትጫወት ሁዳዴ ላይ በገና የምሰማ መሰለኝ» ብለውኝ ነበር። ይህን አስተያየት ከሚገባው በላይ መለጠጥ አልፈልግም። በገና አሥር አውታር አለው፤ ያ የሚነዝር ድምፁ በአውታሩና አውታሩን በሚሸከመው በርኩማ መካከል ከምትገባው እንዚራ ከተባለች የቆዳ ቁራጭ የሚመጣ ነው፤ ከሁሉም በላይ የበገና ነፍሱ ቃሉ ነው። የፔርት ሥራ ከሌላ ምድርና ከሌላ ሥርዓት የመጣ፣ ቃል የሌለው የቫዮሊን ሙዚቃ ነው። ቢሆንም እኚህ እናት ስለ ኢስቶኒያም ሆነ ስለ ትራያድ ማንም ሳይነግራቸው የሙዚቃውን ልብ አግኝተውታል። ጥቂት ድምፅ ተይዞ ሲመላለስ፣ አድማጩ ቀጥሎ ምን ይመጣል ከሚል ጥድፊያ ያርፋል፤ ማዳመጡ ወደ ራሱ ሐሳብ ይመለስለታል። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን በአምስት አምስት ድምፅ ሲሰማ ላደገ ሰው፣ ጥቂት ድምፅ ብዙ መያዝ እንደሚችል ማስረዳት አያስፈልግም። ስለዚህ እንዲህ ዓይነቱን ሙዚቃ ሐዋሳ ላይ ማቅረብ ከባዕድ አገር የመጣ ብርቅ ነገር ማሳየት አልመሰለኝም፤ በዘመኑ የክላሲካል ሙዚቃ ውስጥ ለእኛ አድማጭ ሰፊው በር ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሳል፤ እኔም ከራሴ ጋር ተሟግቼበታለሁ። ለጆሮ ቅርብ የሆነ የአውታር ሙዚቃ ሁሉ መልካም ነው ወይ? አይደለም። በማስታወቂያውና በሠርግ ቪዲዮው ሥር የሚፈሰው፣ ከኪቦርድ የወጣ የቫዮሊን ድምፅም ለጆሮ ይቀርባል። እሱም ዝግ ያለ ነው፣ እሱም ያስተክዛል። ልዩነቱን ለማወቅ እኔ የምጠቀምበት አንድ መንገድ አለ፤ ከመሃሉ አንድ ድምፅ በሌላ እለውጥና እሰማለሁ። በማስታወቂያው ሙዚቃ ላይ ይህን ባደርግ የሚያስተውል አይኖርም፤ ስሜቱ እንዳለ ይቀጥላል። በ«መስታወት በመስታወት ውስጥ» ላይ አንዱ ድምፅ ቢለወጥ ግን ሙዚቃ ተምሮ የማያውቅ ሰው እንኳ ቀና ይላል፤ ምክንያቱም ሕጉን ሳያውቀው ተከትሎት ቆይቷል። ሐረጉ በአንድ ድምፅ እንደሚረዝምና ወደ «ላ» እንደሚመለስ ጆሮው ያውቃል። ደራሲው አድማጩን ያከበረው በዚህ ይመስለኛል፤ የሙዚቃውን አሠራር ለባለሙያ ብቻ አልደበቀም።

ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው። ፔርት ወደዚህ ግልጽነት የደረሰው በአስቸጋሪው ስልት ውስጥ አልፎ፣ ያንን ሁሉ ከተወ በኋላ ነው። የእኛ ወጣት ደራሲዎች ለአውታር መጻፍ ሲጀምሩ ያንኑ መንገድ መሄድ አለባቸው? ከቅኝቶቻችን ተነስተው በቀጥታ ወደ ግልጹ ሙዚቃ ቢመጡ የሚጎድልባቸው ነገር ይኖራል? የቅዱስ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር የነበሩት አሸናፊ ከበደ የእኛን ዜማ ከምዕራቡ ኦርኬስትራ ጋር ለማገናኘት ሲጽፉ ይህ ጥያቄ ከፊታቸው እንደነበረ እገምታለሁ። እኔ የማዘነብለው ስልቱን ሁሉ መማር ግዴታ አይደለም፣ መተው መቻል ግን ግዴታ ነው ወደሚለው ነው። ተማሪዎቼ ትንንሽ ዜማ ጽፈው ሲያመጡልኝ መጀመሪያ የማያቸው የጨመሩትን ሳይሆን፣ ሊጨምሩ እየቻሉ የተዉትን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይተዉም፤ ገና ልጆች ናቸውና አልፈርድባቸውም።

ዘጠኝ መስመር

ከዚያ ምሽት ወዲህ ሐሳቤ ወደ «ካንቱስ» ዞሯል። እንግሊዛዊው የሙዚቃ ደራሲ ቤንጃሚን ብሪተን በታኅሣሥ 4 ቀን 1976 ሲያርፍ፣ ፔርት የሙዚቃውን ንጽሕና ማድነቅ የጀመረው ገና በቅርቡ ስለነበር ሐዘኑ በረታበት፤ በዓመቱም ይህን ለአውታር ኦርኬስትራና ለአንድ ደወል ጻፈ። ሥራው በዝምታ ይጀምራል፤ ዝምታው በኖታው ላይ ተጽፏል። ደወሉ ሦስት ጊዜ ይመታል፤ ከዚያ የመጀመሪያዎቹ ቫዮሊኖች የኤ ማይነርን ስኬል ከላይ ወደ ታች መውረድ ይጀምራሉ። ሁለተኛዎቹ ቫዮሊኖች ያንኑ በእጥፍ ዝግታ፣ ቪዮላዎች በአራት እጥፍ፣ ቼሎዎች በስምንት እጥፍ፣ ደብል ባሶች በ16 እጥፍ ዝግታ ይወርዱታል። ከቪዮላዎቹ በስተቀር ሁሉም ለሁለት ይከፈላሉ፤ ግማሹ ስኬሉን፣ ግማሹ ትራያዱን ይይዛል። ስድስት ደቂቃ ያህል ነው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ቢያስረዳው የ10 ዓመት ልጅ የሚገባው አሠራር ነው፤ ስሰማው ግን እስካሁን ያለ ዕንባ ጨርሼው አላውቅም።

ይህን ሐዋሳ ላይ በልጆቻችን ማሰማት እፈልጋለሁ። የሚያስፈልገን ቢያንስ ዘጠኝ መስመር የሚይዝ ሰው ነው። ቫዮሊኑ ሞልቷል። ከተማሪዎቼ ሁለቱ ወደ ቪዮላ ተሻግረው የመሃሉን ክሌፍ (የቪዮላ ኖታ የሚነበብበትን ምልክት) ማንበብ ጀምረዋል። ደብል ባስ በከተማው ውስጥ ላገኝ አልቻልኩምና ከአዲስ አበባ በውሰት ይመጣ እንደሆን እየጠየቅኩ ነው፤ ካልተገኘ የታችኛውን መስመር በቼሎ ከማሰማት ሌላ ምርጫ የለኝም፤ ክብደቱ እንደሚቀንስ ግን አውቃለሁ። ደወሉ የባሰ ነው። በመጨረሻው ላይ አውታሮቹ በሙሉ ኃይል እየተጫወቱ ደወሉ በለሆሳስ ይመታል፤ መመታቱ አይሰማም፤ አውታሮቹ ሲያቆሙ ግን የደወሉ ንዝረት ብቻውን ይቀራል፤ በንዝረቱም ውስጥ እስከዚያ ድረስ ያልተሰማው፣ ሜጀር ሦስተኛ የሚባለው፣ ከማይነሩ ሐዘን የሚፈካ ድምፅ አለ። ይህ ከእውነተኛ ብረት እንጂ ከኪቦርድ የደወል ድምፅ አይገኝም፤ ሞክሬው አይቻለሁ።

እነዚህ እስኪሟሉ ሁለቱ የቼሎ ተማሪዎች ልምምዱን ጀምረዋል። በየትምህርቱ መግቢያ ላይ ያንኑ አንድ «ላ» አብረው ይይዛሉ፤ አንዷ ቀስቷን ስትመልስ ሌላው መሃል ላይ ሆኖ ይቀጥላል፤ ቀጥሎ እሱ ሲመልስ እሷ ትይዛለች። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እሰማቸዋለሁ፤ ማን መቼ እንደመለሰ መለየት እስከቻልኩ ድረስ ወደ ሁለተኛው ድምፅ አንሄድም።